የመስኮት መስታወት ስንት ዲግሪ ነው? በቴርማል ካሜራ ሳንሸወድ የምንለካበት መንገድ

ሚኒሶታ በረዶው አንዴ ከገባ ሰው ሲገናኝ ወሬው ስለ መስኮት ነው። የማን መስኮት ያልበዋል፣ የማን ነፋስ ያስገባል፣ ማን በስንት ዶላር አስቀየረ። እኔም ወሬው ሲበዛብኝ ስልክ ላይ የምትሰካ፣ ሙቀትን በቀለም የምታሳይ ትንሽ ቴርማል ካሜራ ገዛሁ። በመጀመሪያው ሳምንት የቤቴን መስኮት ሁሉ አነሳሁ። በሁለተኛው ሳምንት መስኮቶቹን ለገጠመልኝ ድርጅት ረጅም የቁጣ ኢሜይል ጻፍኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከውጭ ሆኜ ሳነሳ የጎረቤቴን ጋራዥ የሚያየው መስኮት ከሌላው በ5 ዲግሪ ሞቆ ታየኝ። የቤቴ ሙቀት በዚህ በኩል እየፈሰሰ ነው ብዬ ደመደምኩ። የመጣው ቴክኒሻን ፎቶዎቼን አየና ምንም አላለም። ቤት ገባ፣ ከኪሱ ጥቁር ናስትሮ አወጣ፣ በሁለቱም መስታወቶች ላይ ቁራጭ ቁራጭ ለጠፈና "በል አሁን ለካ" አለኝ። እኩል ሆኑ። ለካ ካሜራዬ በአንዱ መስኮት የጎረቤቴን ግድግዳ፣ በሌላው ደግሞ ሰማዩን ነበር ሲያሳየኝ የከረመው። ይቅርታ የጠየቅኩበት ኢሜይል አጭር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሦስት የብርድ ወቅት ለካሁ። እኔ የከፈልኩትን የእፍረት ዋጋ እናንተ እንዳትከፍሉ የደረስኩበትን ዘዴ ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ፣ ካሜራው ምን ያያል?

ለዓይናችን መስታወት ክፍት ነው። ለቴርማል ካሜራ ግን ዝግ ነው። እነዚህ ካሜራዎች የሚያነቡት ከ8 እስከ 14 ማይክሮሜትር የሚደርስ ርዝመት ያለውን የኢንፍራሬድ ሞገድ ነው፤ እሱ ደግሞ በመስኮት መስታወት አያልፍም። ስለዚህ ፎቶው ላይ መስታወቱ ውስጥ የቆመ ሰው ካያችሁ ውጭ ያለ ሰው አይደለም። እናንተው ናችሁ።

ችግሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። ተራ መስታወት ራሱ የሚያመነጨው ጨረር አለ፤ ከፊቱ ካለው ነገር ተቀብሎ የሚመልሰውም አለ። ራሱ የማመንጨት አቅሙ ኤሚሲቪቲ በሚባል ቁጥር ይገለጻል። ሽፋን የሌለው መስታወት 0.84 ገደማ ነው። ጥቁር ናስትሮ 0.95 አካባቢ ነው። የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ከ0.1 በታች ይወርዳል፤ ለካሜራው መልክ የሚያሳይ መስተዋት ነው ማለት ይቻላል። ከ1 ላይ ኤሚሲቪቲውን ቀንሱ፣ የሚቀረው ነጸብራቅ ነው።

ቤት ውስጥ ይህ ነጸብራቅ ብዙ አይጎዳም። መስታወቱ 12 ዲግሪ ቢሆንና ክፍሉ 21 ቢሆን ካሜራው 13.4 ያህል ያነባል። ውጭ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ጥርት ያለ የሌሊት ሰማይ ለካሜራ ከዜሮ በታች 40 እና ከዚያም በላይ የቀዘቀዘ ሆኖ ይታያል። መስታወቱ 2 ዲግሪ ቢሆን ሰማዩ ጎትቶ ከዜሮ በታች 3 ወይም 4 ያደርገዋል። የኔ 5 ዲግሪ የመጣችው ከዚሁ ነው። እንግዲህ ከውስጥ ለኩ። ከውጭ የተነሳ ፎቶ ለማሳየት ያምራል እንጂ የመስታወት ቁጥሩ አይታመንም።

ዕቃ

ቴርማል ካሜራ፣ ኤሚሲቪቲ መቀየር የሚያስችል ቢሆን ይመረጣል። ጥቁር ናስትሮ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት። አሉሚኒየም ፎይልና ካርቶን። ሁለት ቴርሞሜትር፣ አንዱ ለውጭ አንዱ ለውስጥ። የእርጥበት መለኪያ። በረዶና ብርጭቆ። ደብተር።

የውጭውን ሙቀት ከስልካችሁ የአየር ሁኔታ አፕ አትውሰዱ። እሱ የሚነግራችሁ የአየር ማረፊያውን ሊሆን ይችላል። የእናንተ ጓሮ ሌላ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ሁሉንም መሣሪያ ወደ ሴንቲግሬድ ቀይሩት፤ በኋላ የምንሠራው ስሌት በፋራናይት ራስ ያዞራል።

ደረጃ 1፦ ሌሊቱን መምረጥ

በውጭና በውስጥ መካከል ቢያንስ 15 ዲግሪ ልዩነት ይኑር። ልዩነቱ በሰፋ ቁጥር የካሜራው ስህተት ድርሻው ያንሳል። እኔ የምወደው ከንጋት በፊት ያለውን ሰዓት ነው፤ ከሌሊቱ 10 እስከ 12። ፀሐይ የነካችው መስታወትና ፍሬም ሙቀቱን ለሰዓታት ይይዛል። ንፋስ ያለበት ሌሊት ይቅርባችሁ፤ ንፋሱ የውጭውን ገጽ እያቀዘቀዘ ቁጥሩን ያወርደዋል። ደመና ካለ ግን ደስ ይበላችሁ፤ ያን የቀዘቀዘ ሰማይ ይጋርድላችኋል።

ደረጃ 2፦ ቤቱን ማረጋጋት

መጋረጃና ብላይንድ ከመለካታችሁ 2 ሰዓት ቀደም ብሎ ይከፈት። መጋረጃ ከኋላው ያለውን መስታወት ከክፍሉ ሙቀት ይለየዋል፤ እንደከፈታችሁ ብትለኩ የመጋረጃውን ውጤት ነው የምትለኩት። ከውስጥ በኩል የትንኝ ወንፊት ካለ አውልቁት። ከመስኮቱ ሥር ሂተር ወይም የሞቀ አየር መውጫ ካለ ለዚያን ጊዜ ዝጉት። ቴርሞስታቱን በአንድ ቁጥር ላይ ተዉትና አትንኩት። ምድጃ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ይጥፋ። ለቡናም ጊዜ አለው።

ደረጃ 3፦ ካሜራውን በበረዶ መፈተሽ

ይሄን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። አትዝለሉት። አብዛኞቹ ካሜራዎች መመሪያቸው ላይ የ2 ዲግሪ ስህተት ወደ ላይም ወደ ታችም እንዳለ ይጽፋሉ። በአንድ ፎቶ ውስጥ ያለን ልዩነት ግን እስከ አስረኛ ዲግሪ ድረስ ይለያሉ። ማለትም "ይህ ጥግ ከዚያ ጥግ በ3 ዲግሪ ይቀዘቅዛል" ሲላችሁ እመኑት፤ "ይህ ጥግ 9 ዲግሪ ነው" ሲላችሁ ግን ጠይቁት።

ካሜራውን ከፍታችሁ 15 ደቂቃ ያህል ተዉት። ከመኪና ውስጥ ከብርድ ካመጣችሁት ግማሽ ሰዓት። ብርጭቆ ውስጥ የተፈጨ በረዶና ጥቂት ውሃ አድርጉ፣ በደንብ አማስሉ፣ ኤሚሲቪቲውን 0.96 አድርጋችሁ ከላይ ወደ ታች ለኩ። 0 ማለት አለበት። 1.5 ካለ በዚያች ሌሊት ከምታነቡት ሁሉ ላይ 1.5 ትቀንሳላችሁ። በሥራው መሃል አንዴ፣ መጨረሻ ላይ አንዴ ድገሙት። ካሜራው ራሱ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ንባቡ ይንሸራተታል።

የፈላ ውሃስ ለምን አንጠቀምም ያለ ነበር። እንፋሎቱ ይጋርዳል። ደግሞም ውሃ ሁሉም ቦታ በ100 አይፈላም፤ አዲስ አበባ ላይ ከፍታው 2,300 ሜትር ስለሚያልፍ በ92 ገደማ ይፈላል። በረዶ ግን የትም ቦታ ያው 0 ነው።

ደረጃ 4፦ የመስታወቱን ፊት ማወቅ

ድርብ መስታወት አራት ገጽ አለው። ከውጭ ጀምረን ስንቆጥር 1 የውጭው፣ 2 እና 3 በሁለቱ መስታወት መካከል ወዳለው ክፍተት የዞሩት፣ 4 ደግሞ እጃችን የሚነካው ነው። ሎው-ኢ የሚባለው የማይታይ ስስ የብረት ሽፋን ብዙውን ጊዜ 2 ወይም 3 ላይ ነው። እዚያ ከሆነ ልኬታችንን አይነካም፤ ካሜራው እዚያ ድረስ አያይም። አንዳንድ መስኮት ግን 4 ላይም ሽፋን አለው። የዚያ ገጽ ኤሚሲቪቲ ወደ 0.15 ወይም 0.2 ይወርዳል። ያኔ ካሜራው የሚያነበው ክፍሉን ነው፣ መስታወቱን አይደለም።

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ በነበረ ጊዜ የኩሽናውን መስኮት ስለካ አየችኝ። ካሜራው ከ19 በላይ ይላል። "ይሄ መስኮት አንደኛ ነው" አልኳት። እጇን መስታወቱ ላይ አሳረፈችና ወዲያው መለሰችው። "አንተ ልጅ፣ ይሄ ዕቃህ ሙቅ ነው ይላል? እስቲ አንተም ንካው።" ናስትሮ ለጠፍኩ። ናስትሮው ላይ ወደ 12 ሆነ።

ስለዚህ የመዳፍ ፈተና ሥሩ። መዳፋችሁን ከመስታወቱ አንድ ስንዝር አርቃችሁ ያዙና ነጸብራቁን በካሜራው እዩ። ደብዛዛ ጥላ ብቻ ከታየ ተራ መስታወት ነው። ጣቶቻችሁ አንድ በአንድ ቁልጭ ብለው ከታዩ 4 ላይ ሽፋን አለ። እንዲህ ያለ መስኮት ከክፍሉ የሚመጣውን ጨረር ስለሚመልስ ገጹ ካለ ሽፋን ከሚሆነው ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ካሜራው ግን ይበልጥ የሞቀ አድርጎ ያሳያችኋል። በዚህ ላይ ካለ ናስትሮ የተነሳ ማንኛውም ቁጥር ዋጋ የለውም። ናስትሮውም ራሱ የለጠፋችሁበትን ቦታ ትንሽ ያሞቀዋል፣ ስለዚህ ቁራጩን አሳንሱት።

ደረጃ 5፦ ናስትሮና ፎይል

መስታወቱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ላብ ካለበት ናስትሮ አይይዝም። ከዚያ በአምስት ቦታ ለጥፉ፦ መሃል ላይ አንድ፣ ከታችኛው ጠርዝ አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ አንድ፣ በታች በኩል በሁለቱም ጥግ፣ ከላይኛው ጠርዝ ሥር አንድ። በጣታችሁ እየጫናችሁ የአየር አረፋ እንዳይቀር አድርጉ። 10 ደቂቃ ጠብቁ። ናስትሮው ስስ ስለሆነ የመስታወቱን ሙቀት ይይዛል።

አሁን ፎይሉ። ጨብጣችሁ ጨምድዱት፣ መልሳችሁ ዘርጉት፣ የሚያብረቀርቀው ወደ ውጭ ሆኖ ካርቶን ላይ አልብሱት። የተጨማደደው ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ጨረር አደባልቆ እንዲመልስ ነው። ከመስታወቱ ጋር አስጠግታችሁ ያዙት፣ ኤሚሲቪቲውን 1 አድርጉ፣ የፎይሉን አማካይ አንብቡ። ይህ የነጸብራቁ ሙቀት ነው። ቤት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከግድግዳዎቹ ሙቀት ብዙም አይርቅም። ካሜራው ውስጥ አስገቡት።

ቀጥሎ ኤሚሲቪቲውን 0.95 አድርጋችሁ ናስትሮውን አንብቡ። ከዚያ አጠገቡ ያለውን ባዶ መስታወት እያነበባችሁ ከናስትሮው ጋር እኩል እስኪሆን ኤሚሲቪቲውን ቀንሱ። ከ0.84 እስከ 0.9 መካከል ከቆመ ሁሉ ሰላም ነው። ያን ቁጥር ያዙና ሙሉውን መስታወት በእሱ አንብቡ።

ስልካችሁ ላይ ያለችው ካሜራ እንዲህ ያለ ማስተካከያ ከሌላት በእጅ ማስላት ይቻላል። ኤሚሲቪቲው 1 ሆኖ የተነበበውን ውሰዱ፣ የነጸብራቁን ድርሻ ቀንሱ፣ ለኤሚሲቪቲው አካፍሉ። ለምሳሌ ንባቡ 13.4፣ ነጸብራቁ 20፣ ኤሚሲቪቲው 0.85 ይሁን። 0.15 ሲባዛ በ20 የሚሆነው 3 ነው። 13.4 ሲቀነስ 3፣ 10.4። 10.4 ሲካፈል ለ0.85፣ 12.2። ለጥቂት ዲግሪ ልዩነት ይህ በቂ ነው።

ደረጃ 6፦ የት ቆመን እናንሳ?

ፊት ለፊት አትቁሙ፤ የራሳችሁ ሙቀት መስታወቱ ላይ ያርፋል። ከ10 እስከ 30 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን ዞር በሉ። በጣም ከጎንም አይሁን፤ ከ50 ዲግሪ ካለፈ መስታወቱ ይበልጥ እየተንጸባረቀ ይሄዳል። መብራት፣ ቴሌቪዥን፣ የቆመ ሰው በነጸብራቁ መንገድ ላይ እንዳይሆን። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ስትሉ አብሮ የሚንቀሳቀስ ትኩስ ነጥብ ካለ ነጸብራቅ ነው። ባለበት የሚቆም ከሆነ የመስታወቱ ነው።

ርቀቱም ወሳኝ ነው። 160 በ120 ፒክስል ያላት፣ 55 ዲግሪ ስፋት የምታይ ካሜራ ከ1 ሜትር ርቀት እያንዳንዱ ፒክስሏ 6.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሸፍናል። የሚታመን ንባብ ቢያንስ 3 በ3 ፒክስል ይፈልጋል፤ ወደ 20 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ናስትሮ ደግሞ ስፋቱ 19 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ወደ ግማሽ ሜትር ቅረቡ። ሙሉውን መስኮት ከሩቅ አንዴ፣ ናስትሮዎቹን ከቅርብ አንድ በአንድ።

የቀለሙን ወሰን በእጃችሁ ቆልፉት፤ ለምሳሌ ከ0 እስከ 22። ለካሜራው ከተዋችሁት የ2 ዲግሪ ልዩነትን እንደ እሳትና በረዶ ቀብቶ ያስደነግጣችኋል። ፎቶውን ስታስቀምጡም ሙቀቱ አብሮ በሚቀመጥበት ፋይል ይሁን። ተራ የስክሪን ፎቶ በኋላ አይነበብም።

ደረጃ 7፦ ቁጥሩ ምን ይላል?

ውስጥ 21፣ ውጭ ከዜሮ በታች 15 በሆነበት ሌሊት የመስታወቱ መሃል በግምት እንዲህ ይሆናል፦

- ነጠላ መስታወት፦ ከዜሮ በታች 6
- ሽፋንም አርጎንም (በሁለቱ መስታወት መካከል የሚሞላ ጋዝ) የሌለው ድርብ፦ 8
- ሎው-ኢ እና አርጎን ያለው ድርብ፦ ከ14 እስከ 16
- ጥሩ ባለ ሦስት መስታወት፦ ወደ 18

ዩ-ቫልዩ የሚባለውን፣ ማለትም በአንድ ካሬ ሜትር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ስንት ዋት እንደሚያልፍ፣ መገመትም ይቻላል። ከክፍሉ ሙቀት ላይ የመስታወቱን ቀንሱ። ለ0.13 አካፍሉ፤ ይህ በክፍሉ አየርና በመስታወቱ መካከል ላለው መከላከያ መሐንዲሶች የሚወስዱት ቁጥር ነው። መልሳችሁ ለውስጥና ውጭ ልዩነት አካፍሉ። መስታወቱ 14 ከሆነ 7 ለ0.13፣ ከዚያ ለ36፣ 1.5 ይወጣል። 4 ላይ ሽፋን ላለው መስኮት ግን 0.13 አይሠራም፤ ተዉት።

የካሜራው 2 ዲግሪ ስህተት ካልታረመ ግን ያው መስኮት ከ1.1 እስከ 1.9 የትም ሊወድቅ ይችላል። በጣም ጥሩና መካከለኛ መስኮት ማለት ነው! ስህተቱን ወደ ግማሽ ዲግሪ ካወረዳችሁት ከ1.4 እስከ 1.6 ይጠብባል። ካሊፎርኒያ ያለው የሎውረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ መስኮት በኢንፍራሬድ ሲለካ አንዱን ጎን ከዜሮ በታች 17.8፣ ሌላውን 21.1 ያደርግና ሙቀቱ በትክክል የታወቀ ማመሳከሪያ እዚያው ፎቶው ውስጥ ያስገባል። የኛ በረዶና ናስትሮ የዚያ የድሃ ዘመድ ናቸው።

ከቁጥሩ ይልቅ ብዙ ነገር የሚናገረው ቅርጹ ነው። የታችኛው ጠርዝ ከመሃሉ በብዙ ዲግሪ ቢቀዘቅዝ አትደንግጡ። በሁለቱ መስታወት መካከል ያለው ጋዝ በውጭው በኩል እየቀዘቀዘ ይወርዳል፣ በውስጡ በኩል እየሞቀ ይወጣል፤ ስለዚህ ቅዝቃዜው ታች ይከማቻል። ጠርዙን ዙሪያውን የሚይዘው ስፔሰር አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ ብርዱን እንደ ድልድይ ያሻግራል። ላብ ሁልጊዜ ከታች የሚጀምረው ለዚህ ነው።

መሃል ላይ ሞላላ ቀዝቃዛ ቦታ ካለ ግን አንድ ነገር አለ። ሁለቱ መስታወቶች ወደ ውስጥ ጎብጠው ተቀራርበዋል። ኃይለኛ ብርድ ጋዙን ስለሚያኮማትር ትንሽ መጉበጥ ያለ ነው። ከጎኑ ያለው እኩል መጠን ያለው መስኮት በዚያው ሌሊት ካላሳየው ግን አርጎኑ አምልጦ ሊሆን ይችላል።

ከፍሬሙ የሚነሳ፣ እንደ ላባ የተበጣጠሰ ቀዝቃዛ ሰረዝ ካያችሁ መስታወቱን ተዉት። የአየር ፍሳሽ ነው። ዕጣን አጭሱና ጭሱን አስጠጉ፤ ጭሱ ከተገፋ ፍሳሹን አገኛችሁት። የጭስ ማንቂያውን እንዳትረሱ፣ ሕንፃው በሙሉ በሌሊት ይወጣላችኋል።

ላቡን በተመለከተ የእርጥበት መለኪያችሁን እዩ። በ21 ዲግሪ ክፍል ውስጥ እርጥበቱ 40 በመቶ ከሆነ ከ7 ዲግሪ በታች የሆነ ገጽ ሁሉ ያልበዋል። 50 በመቶ ከሆነ ከ10 በታች ያለው። እንጀራ የተጋገረ ዕለት እኔ ቤት 50ን ያልፋል። ጠርዙ 9 የሆነ መስኮት በዚያ ቀን ቢያልበው የመስኮቱ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ ማራገቢያውን ክፈቱና ሌሊቱን ድገሙት።

ለድርጅት የምትልኩት ቅሬታ ካለ አራት ነገር አያይዙ፦ የውስጥና የውጭ ሙቀት፣ የእርጥበቱ መጠን፣ ናስትሮው የሚታይበት ቴርማል ፎቶ፣ እና የዚያው መስኮት ተራ ፎቶ። ደህና የሆነ ተመሳሳይ መስኮት ካለ የእሱንም ጨምሩ።

ናስትሮውን ፀሐይ ሳይመታው አንሱት። ሙጫው አንዴ ከደረቀ በአልኮል ማሸት ነው ሥራችሁ።